ዓይኑን የሣለው ሰው

ወገኖቼ፣ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና የዛሬውን ነገሬን ከአንድ ልጅ ልጀምር።

ከጥቂት ወራት በፊት ቅዳሴው አልቆ፣ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ ሰው ወደየመኪናው ሲበተን፣ አንድ ወጣት ደብተር በብብቱ ሸጉጦ ወደ እኔ መጣ። ሌሊቱን መጋዘን ሲሠራ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። «አባባ፣ ተውኔት እየጻፍኩ ነው። ስለ ቤታችን ነው፤ ስለ እናቴ። ቴነሲ ዊልያምስም እኮ የገዛ ቤቱን ነው የጻፈው። ደግሞ የዚችው የኮሎምበስ ልጅ ነው አሉ» አለኝ። ደስም አለኝ፣ ሰጋሁም። ደስታዬን ትረዱልኛላችሁ፤ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ብዕር የሚያነሳ ልጅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ስጋቴን ግን ቀስ ብዬ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ስሙን ላቃናለት። በአሜሪካ ኮሎምበስ የሚባለው ከተማ አንድ ብቻ አይደለም። ተውኔት ጸሐፊው ቴነሲ ዊልያምስ በ1911 የተወለደው በሚሲሲፒዋ ኮሎምበስ ነው። (ዓመቱን የምቆጥረው እንደዚህ አገር ነው፤ ተከተሉኝ።) ይህን ስነግረው ልጁ ቅር አለው። «አይዞህ ልጄ፣ የእኛዋም፣ የኦሃዮዋ ኮሎምበስ የራሷ ሰው አላት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆንብን እስቲ በደጃችን ያለውን እንቅመስ» አልኩትና ስለ ደራሲው ጄምስ ተርበር አጫወትኩት።

ተርበር በ1894 በዚችው ከተማ ተወለደ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ለጊዜው ወደ ዋሽንግተን አቅራቢያ ሄዶ ነበር። እዚያ ከወንድሞቹ ጋር በቀስት ሲጫወቱ፣ ከልጁ ራስ ላይ ፖም በቀስት መትቶ ስለጣለው ስለ ዊልያም ቴል የሚነገረውን ተረት ሊያስመስሉ ሲሞክሩ፣ የወንድሙ ቀስት ሄዶ ግራ ዓይኑን ወጋው። አንዱ ዓይን በዚያው ጠፋ። የቀረውም እያደር ደከመ፤ ሰውየው አርባዎቹን አጋምሶ ደጋግሞ ቀዶ ጥገና ቢደረግለትም በመጨረሻ ብርሃኑን አጣ።

የእኛ ሰው የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ተረት ወጊውን ባዕድ አድርጎ የሚያስብ ይመስለኛል። የወጋህ ወንድምህ ሲሆንስ? ማታ ከዚያው መሶብ ሲቆርስ፣ ጠዋት ከዚያው ቤት ሲወጣ ስታየውስ? የሚረሳም የማይረሳም ይሆናል። ብዙዎቻችን ከዚያ ዓይነት ቤት ስለወጣን ነው ይህን የምለው። ቀስቱን የወረወሩብን ሁሉ ጠላቶቻችን አልነበሩም።

ተርበር አደገ፤ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ይኖር የነበረው በጄፈርሰን ጎዳና ቁጥር 77 ነው፤ ቤቱ ዛሬም ቆሟል፣ ከ1984 ጀምሮ የጸሐፍት መሰባሰቢያ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የገጠመውን አንድ ነገር ኋላ ራሱ ጽፎታል። በዕፅዋት ትምህርት ተማሪው ሁሉ በማይክሮስኮፕ አጎንብሶ የዕፅዋቱን ሕዋስ እያየ ይሥላል። እሱ ግን ቢያይ ቢያይ ከጭጋግ በቀር የሚታየው ነገር የለም። መምህሩ ይቆጣል፣ መስታወቱን ያስተካክላል፣ እንደገና ይቆጣል። አንድ ቀን ግን ታየው! ልጁ በደስታ ያየውን ሣለ። መምህሩ ቀርቦ ቢያየው ሥዕሉ የዕፅዋት አልነበረም፤ መስታወቱ መልሶ ያሳየው የራሱን ዓይን ኖሯል፤ የሣለውም እሱን ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ከሰዎች ጋር ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሳስበው አደርኩ። ያ ልጅ ዓለምን ሊያይ አጎነበሰና የገዛ ቁስሉን አየ። አስተማሪው ስህተት ያለውን ነገር እሱ ኋላ እንጀራው አደረገው። የደራሲን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ከአባቶቻችንም አፍ አልሰማሁም። ሌላውን እየጻፍኩ ነው ይላል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን የራሱ ዓይን ነው።

በ1918 ዲግሪ ሳይዝ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። እዚሁ ከተማ ለኮሎምበስ ዲስፓች ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ሠራ፤ ከ1927 ጀምሮ በኒውዮርከር መጽሔት ስሙ ወጣ። በ1940 ከቀድሞ የትምህርት ጓደኛው ከኤሊየት ኑጀንት ጋር «ዘ ሜል አኒማል» የተባለውን ተውኔት ጻፈ፤ በብሮድዌይም ታየ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ለስላሳ መምህር ሞት የተፈረደበትን ሰው ደብዳቤ ለተማሪዎቹ ሊያነብ ያስባል። የዩኒቨርሲቲው የበላዮች ካነበብክ ከሥራህ ትባረራለህ ይሉታል። ሰውየው ጉልበት የለውም፣ ኳስ ተጫዋችም አይደለም፣ ሚስቱ እንኳ የምትተወው ይመስላል። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አነባለሁ ማለት።

ያ መምህር ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ የማይክሮስኮፕ ክፍል ነው የመጣው፤ ሌላው ሁሉ ሲያይ እሱ ብቻ የማያይ፣ ሌላው ሜዳ ላይ ሲሮጥ እሱ ዳር የሚቆም ልጅ ሆኖ ካሳለፈው ዘመን። የተናቀ ሰው የተናቀን ሰው ድፍረት ያውቃል። ደግሞም ነገሩ በመድረክ ላይ አልቀረም። በ1951 ያው ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ልስጥህ ሲለው፣ በዚያ ጊዜ በግቢው ንግግር የሚያደርጉ እንግዶች አስቀድመው ይመርመሩ የሚል ደንብ ወጥቶ ነበርና አልቀበልም አለ። ዲግሪ ያጣ ሰው፣ በእርጅናው ደጅ ሲመጣለት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በተውኔቱ ያናገረውን ቃል ላለማጠፍ መለሰው። ዩኒቨርሲቲው ክብሩን የሰጠው በ1995 ነው፤ ያን ጊዜ እሱ ከሞተ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል።

በ1960 መጀመሪያ ላይ «ኤ ተርበር ካርኒቫል» የተባለው ትዕይንቱ ወደ ብሮድዌይ ከመሄዱ በፊት የተከፈተው እዚሁ በእኛ ከተማ፣ በሃርትማን ቲያትር ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ራሱ ተርበር፣ ዓይነ ስውር ሆኖ፣ ኒውዮርክ መድረክ ላይ ወጥቶ ራሱን ሆኖ ተጫወተ። አንድ ሌሊት ሁለት ሌሊት አይደለም፤ ሰማንያ ስምንት ጊዜ። የሚያዩትን ሰዎች አያይም፤ ሲስቁ ግን ይሰማል።

ይህን ሁሉ ስል ሰውየውን መልአክ እያደረግሁት አይደለም። በመጨረሻ ዘመኑ ጠጪና ቁጡ ሆኖ ነበር፤ ወዳጆቹም ተቸግረውበታል። ሕመም ሰውን ጻድቅ አያደርግም። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል፤ ሰውም ይህን ይዞ ደራሲን ደራሲ ያደረገው መከራው ነው ይላል። እኔ ግን አገር ቤት ሳለሁ በበጋ የደረቀ ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ድንጋዩ ሞልቷል፤ ድምፅ የለም። ድንጋዩ የሚያስጮኸው ውሃ ሲኖር ነው። ውሃው ምን እንደሆነ ለልጆቻችን መንገር አለብን፦ ንባብ ነው፣ መታገስ ነው፣ አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ መጻፍ ነው። ልጄ፣ መከራ ስለበዛብህ ብቻ ደራሲ ነኝ አትበል። መከራማ እዚህ ቅዳሴ የቆመው ሁሉ አለው።

አሁን ወደ ስጋቴ ልምጣ።

ያ የሚሲሲፒው ሰው፣ ዊልያምስ፣ ሮዝ የምትባል እህት ነበረችው። አእምሮዋ ታወከ፤ በ1943 አንጎሏን ቀዶ ጥገና አደረጉላት፣ ከዚያ በኋላም እንደቀድሞዋ አልሆነችም። በተከታዩ ዓመት መጨረሻ ቺካጎ ላይ በታየው ስሙን ባወጣለት ተውኔት ውስጥ፣ ከመስታወት የተሠሩ ትናንሽ እንስሳት እየሰበሰበች ከሰው የምትሸሽ እህት አለች። እናትየዋም አለች፤ ቤቱን ጥሎ የሚሄደው ወንድምም አለ። የገዛ ቤቱ ነው፤ ጣራው ተነሥቶ ሕዝብ እንዲያየው የተደረገ።

አባቶቻችን ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የእናትህን እንባ አንዴ መድረክ ላይ ካወጣኸው አትመልሰውም። ታዲያ ዊልያምስ ምን አደረገ? ከዚያ ተውኔት ከሚገኘው ገቢ ግማሹ ለእናቱ እንዲሆን አደረገ። በኑዛዜውም ሮዝ በሕይወት እስካለች ድረስ በሚገባ እንድትጦር ከሀብቱ አዘዘላት፤ እሷም እሱ ከሞተ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖራለች። ገንዘብ ቁስል ያሽራል አልልም። ነገር ግን ሰውየው የጻፈው በብድር ባገኘው ነገር እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሕመሙ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የእህቱም ነበር። ልጁን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ «እናትህ ታውቃለች?» አልኩት። ዝም አለ።

አገራችንም እንዲህ ዓይነት ሰው አጥታ አታውቅም። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በእኛው አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ነሐሴ 11 ቀን አምቦ አጠገብ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ። ቀኑን ልብ በሉት። አቡነ ጴጥሮስን ፋሽስቶች አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደሏቸው ሐምሌ 22 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። የጳጳሱ ደም ሳይደርቅ የተወለደ ሕፃን አድጎ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ያ ቁስል የአንድ ቤት አልነበረም፤ የአገር ነበር። ሆኖም አንድ ሰው ተሸክሞት ማደግ ነበረበት። ኋላም መንግሥት ሲቀያየር ሥራዎቹ ታግደውበታል፣ በደርግ ዘመንም ታስሯል። እሱ ግን ምሬቱን እንዳለ አልተፋውም፤ በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚያስተውል አስቀመጠ። መገደብ ማለት መፍራት እንዳልሆነ ከእሱ ተምሬአለሁ። ድስቱ የሚበስለው ክዳኑ ሲገጠም ነው።

በ1998፣ እንደገና እንደዚህ አገር አቆጣጠር፣ ለኩላሊት እጥበት ኒውዮርክ መጣ። ከእናንተ መካከል እናቱን ወይም ጎረቤቱን ለዚህ ሕክምና የሚያመላልስ አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ብዙ ሰዓት፣ ክንድ ከማሽን ጋር ታስሮ መቀመጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአገሩ ታላቅ ባለቅኔ የመጨረሻ ዓመታቱን የገፋው በዚያ ሁኔታ ነው። በ2006 አረፈ፤ አስከሬኑ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እኔም ልንገራችሁ፤ አማካሪ ሆኖ የራስን መሸሸግ ደግ አይደለም። በወጣትነቴ አንድ ወንድሜ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጄ ስለ እሱ ደጋግማ ጠይቃኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኳት። የጠበቅኋት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ፎቶውን ከሣጥን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አቁማ አገኘኋት፤ «ስሙን እንኳ ብትነግረኝ» አለችኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ማታ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በቤቴ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ የጠራሁት።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ሲጽፉ «ገመናችንን አታውጣ» ብላችሁ ደብተሩን አትንጠቁ። እናንተም ልጆች፣ የሰማችሁትን ሁሉ ትኩስ ትኩሱን አታፍስሱ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ስለ ሰው ስትጽፉ ሰውየው ምግብ እየበላ አጠገባችሁ እንደተቀመጠ አድርጋችሁ ጻፉ። ሳይሽር የተነካ ቁስል ይመግላል፤ ሲጠግግ ግን ጠባሳውን ዳስሶ ማንበብ ይቻላል። ተርበር የማይክሮስኮፑን ታሪክ የጻፈው እየተሰደበ በነበረበት ቀን አይደለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ልቡ መሳቅ ሲችል ነው።

ያ ልጅ ባለፈው እሑድ ተመልሶ መጣ። ደብተሩ ተጨማድዷል፣ ጠርዙ ላይ የቡና ጠብታ አለበት። «ሰጠኋት» አለኝ። እናቱ ማንበብ እስክትጨርስ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ አቅቶት በዚያ ብርድ ውጭ ቆሞ ጠበቃት። ስትጨርስ በሩን ከፍታ ጠራችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። «ሱዳን ስንሻገር የነበረውን ሌሊት ተሳስተሃል፤ አንተን በጀርባዬ አላዘልኩህም፤ በጀርባዬ የነበረችው እህትህ ናት። ግባ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ቁጭ በልና ልንገርህ» አለችው።