ቤቱን ይዞ የሚዞር እንግዳ

ማንንም ላለማስቸገር መሻት ጨዋነት ነው ወይስ ኩራት? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰው የራሱን ስንቅ ቋጥሮ ቢጓዝ፣ የማንንም ደጅ ባይጠና፣ የማንንም ሌማት ባያጎድል ምን ነውር አለበት? ነውር የለበትም ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሜዳ ተነሥቶ ተራራ ላይ ሲወጣ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ጉዞ ላይ አስደግፎ መመርመር ይሻላል።

አንድ ቤተሰብ ይታሰብ፤ አባት፣ እናት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ። አገራቸው ኔዘርላንድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ካለው የዚህች አገር መሬት ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 322 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ተራራን ከሥዕል እንጂ ከእግራቸው ሥር አያውቁትም ቢባል እምብዛም ማጋነን አይሆንም። ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሽከርካሪ ቤት ተከራይቶ ወደ አልፕስ ተራሮች ተነሣ። በአማርኛ «የቤት መኪና» ሲባል ለግል አገልግሎት የሚውል አውቶሞቢል ማለት ነውና ስያሜው ለዚህ አይበቃም፤ ይህኛው ራሱ ቤት ነው። አልጋ፣ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጸዳጃና መቶ ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ ታንከር አለው። አራት ኩባያዎች እንዳይንኳኩ በጨርቅ ተጠቅልለው በመደርደሪያው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ፣ ትርፍ የለም።

የዚህ ዓይነቱ ቤት ትውልድ ከኩራት አይደለም። አሪስት ዴትሌፍስ የተባለ ጀርመናዊ ኢስኒ ከምትባል ከተማ እየተነሣ ጅራፍና የበረዶ መንሸራተቻ ምርኩዝ ለመሸጥ ይዞር ነበር። ሠዓሊ የነበረችው ፍሪድል ከእርሱ መለየትን ስላልወደደች፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ሠራ፤ እርሱ ሲነግድ እርሷ ትሥል ዘንድ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ቬስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ የፎልክስቫገንን ትንሽ አውቶቡስ የመኝታና የማብሰያ ዕቃ አሰናድቶለት ለገበያ አቀረበ። እንግዲህ መነሻው ፍቅር ነው። ከሚወዱት ሰው ላለመለየት የተሠራ ቤት፣ ከማያውቁት ሰው ሁሉ የሚለይ ቤት ሊሆን እንደሚችል ግን በወቅቱ ያሰበበት ያለ አይመስልም።

ቤተሰቡ ስዊስ ውስጥ ካለችው ከማርቲኚ ከተማ ተነሥቶ ወደ ታላቁ ሳን በርናር መተላለፊያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው፣ ከተራራው ሥር ሰንጥቆ ወደ ኢጣሊያ የሚያሻግረው ዋሻ ነበረላቸው፤ አባት ግን ልጆቹ በበጋ በረዶ ይዩ ብሎ አሮጌውን መንገድ መረጠ። መተላለፊያው 2,469 ሜትር ከፍታ አለው። እዚያ ላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበትና ክረምት መኪና በማያልፍበት ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1050 ገደማ የአኦስታው በርናር ያቋቋመው የእንግዳ ማረፊያ ይገኛል። ካህናቱ በበረዶ የጠፋውን መንገደኛ እየፈለጉ፣ የደከመውን እያሞቁና እያበሉ ለዘመናት ኖረዋል። ውሾቻቸው በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ባሪ የተባለው ውሻ አካል ዛሬም በበርን ከተማ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይታያል። ዛሬ ጎብኝው ለማደሪያው ዋጋ ይከፍላል፤ ይሁንና ቤቱ የተሠራበት ሐሳብ አልተለወጠም። ሐሳቡ፣ ተራራ ላይ ማንም ብቻውን በቂ አይደለም የሚል ነው።

ቤተሰቡ ከሐይቁ ዳር ቆሞ የራሱን ፓስታ ቀቀለ። ከማረፊያው ደጅ የቆመ አንድ ሰው ነፋሱን እያሳየ ትኩስ ነገር እንዲጠጡ በእጁ ጠራቸው። እናት ፈገግ ብላ መለሰች፤ «እናመሰግናለን፤ አለን።»

ምርመራው ያለው በዚህች «አለን» በምትባል ቃል ላይ ነው። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ሲቆም የሚናገረው የጐደለውን ነው፤ «ቤት ለእንግዳ» የሚለው መልስ የሚወለደውም ከዚያ ጉድለት ነው። እንግዳው በልቼ ነው የመጣሁት ቢልም እንኳ ባለቤቱ «በሞቴ» ብሎ ይሞግተዋል፤ ሁለቱም ጨዋታውን ያውቁታል። በሐይቁ ዳር ግን ጨዋታ አልነበረም። እናት እውነቱን ተናገረች፤ ሁሉም ነገር ነበራቸው። ሰውየውም እጁን አውርዶ ገባ።

እርግጥ ነው፣ ለቤተሰቡ የሚቆም ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። ናፖሊዮን ቦናፓርት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1800 በዚሁ መንገድ ብዙ ሺህ ወታደር ይዞ አልፏል። ከመተላለፊያው በታች ያለችው የቡርግ ሳን ፒየር መንደር ሕዝብ እንጨቱንና ጉልበቱን ሰጠ፤ ይከፈላል የተባለው ዕዳ ግን ሳይከፈል ቀርቶ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖረ። የተቀባዩ ብዛትና ጉልበት ሰጪውን የሚያራቁትበት ጊዜ አለ። የራሱን ውሃና እንጀራ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ከእንዲህ ያለው እንግዳ ሺህ ጊዜ ይሻላል። በሌላ በኩል ደግሞ የተራራ መንደር ሰዎች ስለ ተሽከርካሪ ቤቶች የሚያሰሙት ወቀሳ አለ፤ ምግባቸውን ይዘው መጥተው ቆሻሻቸውን ትተው ይሄዳሉ ይላሉ። መቶ ሊትሩስ ቢሆን ከማን ምንጭ ተቀዳ? ገደሉን ደግፎ የያዘውን ግንብ ማን ካበው? «አለን» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰጪው ፊት ስላልታየው ነው እንጂ ስላልተሰጠው አይደለም።

ከመተላለፊያው እስከ ኢጣሊያዋ አኦስታ ከተማ ድረስ 1,900 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ቁልቁለትን የሚያውቅ ሾፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ተሽከርካሪውን የሚይዝለት ሞተሩ ነው፤ ፍሬኑን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። የሜዳው ሰው ግን እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ ወረደ። መጀመሪያ ሴት ልጁ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ አለች። እናት ዘወር ብላ ምድጃውን አየች፤ ቤቷ ውስጥ ነበረችና የሚቃጠል ነገር ከምድጃ ሌላ አልታሰባትም። ምድጃው ጠፍቷል። የጋለው የፍሬኑ ሸራ ነበር። ቀጥሎ ፔዳሉ ከአባት እግር ሥር ላላ፤ ሲረግጠው የሚገፋው ነገር አልነበረም። ቤት ሆኖ የቆየው ነገር ባንድ አፍታ ሦስት ሺህ ኪሎ ግራም ብረት ሆነ። አልጋው፣ ማቀዝቀዣው፣ የሞላው ውሃ፣ የማያስፈልጉ የመሰሉት ነገሮች ሁሉ በደህና ጊዜ ሀብት ነበሩ፤ አሁን ክብደት ሆነው ከኋላ ይገፉት ጀመር።

ማርሹን እያስጮኸ ወደ ታች ቀየረ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ኤትሩብል ከተባለው መንደር በላይ ካለ አንድ ግቢ ዳገት ላይ ተሽከርካሪው ወጥቶ ቆመ። ልብስ ታሰጣ የነበረች አንዲት አሮጊት ምንም ሳትጠይቅ ድንጋይ አንሥታ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገችለት። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የሰጠችው።

አባት ጥቂት ፈረንሳይኛ ያውቃል፤ በአኦስታ ሸለቆም ከኢጣሊያንኛ ጋር ይነገራል። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝና መካኒክ እስኪያየው ድረስ እዚሁ እደሩ አለች። ማታ ለሾርባ ስትጠራቸው አባት ከልማዱ «አለን» አለ። እርሷ አልሞገተችም፤ አራት ሳሕን ደረደረች እንጂ። ዳቦ፣ ጥቅል ጎመንና ፎንቲና የተባለው የአገሩ አይብ የገባበት ሾርባ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አፍ ያለው የእንጨት ዕቃ መጣ፤ ትኩስ ቡናና የወይን አረቄ ተቀላቅሎ ይቀዳበትና አዋቂዎች እየተቀባበሉ ይጠጡበታል። አራት ኩባያ ቆጥሮ የመጣ ሰው ሌላው ከጠጣበት ዕቃ ጠጣ።

ሲነሡ አባት ቦርሳውን አወጣ። አሮጊቷ እጇን አነቃነቀች። እርሱ ግን ሁሉም እስኪወጡ ጠብቆ ብሩን ከዳቦው ቅርጫት ሥር አኖረ።

ይህን ሰው ኩሩ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የቡርግ ሳን ፒየር ሰዎች እንዲህ ያለ እንግዳ በገጠማቸው ኖሮ ደስ ባላቸው ነበር። ይሁንና ለሾርባው ዋጋ መክፈሉ ነው ወይስ ከአሮጊቷ ጋር የነበረውን መዝገብ መዝጋቱ? ለሾርባው ከሆነ በግልጽ ሊሰጥና ሊከለከል ይችል ነበር፤ ተከልክሏልም። በስውር ማኖሩ የሚያሳየው ውለታው እንደከበደው ነው። አሮጊቷ ኔዘርላንድ ድረስ አትመጣም፤ ብትመጣም አምስተኛ ኩባያ የለውም። «አላስቸግርሽም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከሥሩ «አታስቸግሪኝ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ጨዋ ሰዎች ሁለተኛውን ራሳቸውም አይሰሙትም። ደግሞስ ድንጋዩ በምን ይከፈላል? ለሾርባው ዋጋ ሊተመን ይችላል፤ ከጎማው ሥር ለገባው ድንጋይ ግን የአራት ነፍስ ዋጋ ካልሆነ በቀር ምንም አይመጥነውም።

በማግሥቱ መካኒኩ ፍሬኑን አይቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። ከእርሱ ጋር የነበረው ሒሳብ ንጹሕ ነበር። አባት ሊነሣ ሲል ከመስተዋቱ ላይ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘ። ፈትቶ ሲያየው አንድ ጉማጅ አይብ ነው፤ በላዩም የማታው ብር ታጥፎ ተቀምጧል። አሮጊቷ በግቢው ውስጥ አልነበረችም። ሚስቱ አየችው፤ ምንም አላለችም።

ልጁ ወርዶ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አወጣና እንያዘው ብሎ ለመነ። አባት ከነበረበት ከግንቡ ጥግ እንዲመልሰው ነገረው። ከዚያም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ወደ አኦስታ በቀስታ ወረደ፤ አይቡም እስከ ከተማው ድረስ ቤቱን ሁሉ ሸተተው።