በክትክታው ዛፍ ሥር የተኛው ወንድማችን



በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 የተጻፈውን የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ግን ከእርሱ በፊት ያለውን ምዕራፍ፣ እሳት ከሰማይ የወረደበትን የቀርሜሎስን ድል ነው። ከድሉ በኋላ የሆነውን እንደ ቀላል ነገር እናልፈዋለን። ያ ታላቅ ነቢይ የኤልዛቤልን ዛቻ በሰማ ጊዜ ሸሽቶ ቤርሳቤህ ደረሰ፤ አገልጋዩን በዚያ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ በአንድ የክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ለመነ። ይህን የለመነው በጸሎቱ እሳት ያወረደ የእግዚአብሔር ሰው መሆኑን ልብ እንበል።

ታዲያ እግዚአብሔር ለዚህ ሰው ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ እምነትህ አንሷል ብሎም አልወቀሰውም። በመጀመሪያ እንዲተኛ ተወው። ቀጥሎ መልአኩን ልኮ እንጎቻ አበላው፤ ውኃም አጠጣው። ኤልያስ በላና መልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ የሚጠብቀው መንገድ ከባድ መሆኑን ነግሮ ዳግመኛ አበላው። በዚያም ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት በእግሩ ተጓዘ። በኮሬብ ዋሻ ባደረ ጊዜ እግዚአብሔር ጠየቀው፤ ኤልያስም ምሬቱን ሁሉ ተናገረ። ዳግመኛ ሲጠየቅ ያንኑ ምሬት ያለ ለውጥ ደገመው፤ እግዚአብሔርም አንድ ነገር ስንት ጊዜ ትነግረኛለህ አላለውም። በመጨረሻ የሚሠራው ሥራ ሰጠው፤ የሚከተለውን ኤልሳዕንም አመለከተው፤ ብቻዬን ቀረሁ ለሚለው ለዚህ ሰው ሰባት ሺህ ወገን እንዳለው አስታወቀው።

እንቅልፍና ምግብ፣ መንገድ፣ የሚሰማ ጆሮ፣ በአቅም የሆነ ሥራ፣ የሚረዳ ባልንጀራ፤ እግዚአብሔር ነቢዩን ያነሣው በእነዚህ ነው። ይህን የመለኮት አሠራር በሚገባ ብናስተውለው፣ በየቁምስናችን በመንፈስ ጭንቀት ለሚሠቃዩት ወንድሞችና እህቶች የምንሰጠው ምክር በብዙ መንገድ በተለወጠ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳትን፣ ቤቷን መጥረግ እንኳ ያቃታትን፣ ከጎረቤት የራቀችውን እናት «እምነትሽ ስላነሰ ነው፤ ጸልዪ» ብለን ስናሰናብታት፣ በሕመሟ ላይ የበደለኛነት ሸክም እንጨምርባታለን። ጸሎት ታላቅ መድኃኒት ነው። ነገር ግን መልአኩ ለኤልያስ ከሁሉ አስቀድሞ ያቀረበለት እንጀራ እንደ ነበረ አንርሳ።

የዛሬዎቹ ሐኪሞች ይህን ሕመም ድባቴ ይሉታል፤ የሚታከመውም በመድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምራሉ። ንግግርና የዕለት ተዕለት አኗኗር ራሳቸው የሕክምና መንገድ ይሆናሉ። ምክንያቱንም እንዲህ ብለው ያስረዳሉ። ያዘነ ሰው ከሥራውና ከሰው ይርቃል፤ በመራቁም ደስታና ብርታት የሚያገኝባቸው ነገሮች ይጠፉበታል፤ ስለ ጠፉበትም ኀዘኑ ይብሳል፤ ኀዘኑ ሲብስ ደግሞ የበለጠ ይርቃል። ይህን አዙሪት ለመስበር «ደስ ሲልህ ትሠራለህ» ማለት አይጠቅምም፤ ደስታው በራሱ ጊዜ አይመጣምና። ስለዚህ በሽተኛው ስሜቱ እስኪመለስ ሳይጠብቅ፣ በታወቀ ሰዓት የሚፈጽመውን ትንሽ ነገር እንዲጀምር ይረዱታል፤ ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን መታጠብ፣ እስከ ወንዙ ደርሶ መመለስ፣ አንድ መደብ ጎመን መኮትኮት ይሆናል። ሥራው ይቀድማል፤ ስሜቱ ቀስ በቀስ ይከተላል።

ይህ አሠራር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በግብፅ በረሓ የኖረው አባ እንጦንስ በስልቸታና በጨለማ ሐሳብ በተያዘ ጊዜ ምን እንዳየ የበረሓ አባቶች ዜና ይነግረናል። እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ተቀምጦ ሲጎነጉን አየ፤ ያም የእግዚአብሔር መልአክ ነበር። እንጦንስም ያየውን አደረገ፤ ተጽናናም። በ13ኛው ምእተ ዓመት የነበረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስም «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ የኀዘንን መድኃኒቶች በአምስት ክፍል ሲመረምር ደስ በሚያሰኝ ነገር ሁሉ፣ በዕንባ፣ በወዳጆች ርኅራኄ፣ እውነትን በማሰላሰል፣ በእንቅልፍና ገላን በመታጠብ ኀዘን እንደሚቀል አስተምሯል። የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነ ቅዱስ ስለ ገላ መታጠብ መጻፉ አያስደንቀን። ሰው ነፍስና ሥጋ በአንድነት ነውና፣ ጸጋም ባሕርይን ይፈጽመዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ይህ ነገር ተራ በሆኑ ሰዎች እጅ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ በዘመናችን ከታየባቸው ስፍራዎች አንዷ ዚምባብዌ ናት። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ያክሟት የነበረች አንዲት ወጣት ሴት ሕይወቷን አጠፋች። ቤተሰቦቿ ወደ ሆስፒታሉ ያላመጧት የአውቶቡስ መሳፈሪያ በማጣት መሆኑን ሐኪሙ ተረዱ። በሽተኛው ወደ ሐኪም መድረስ ካልቻለ ርዳታው እርሱ ወዳለበት መድረስ አለበት ብለው ቆረጡ፤ ነገር ግን በሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ የልጅ ልጅ ካዩ 14 እናቶች ጋር ሥራውን ጀመሩ።

የእነዚህ እናቶች መሣሪያ በጤና ጣቢያው ግቢ የተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ነው፤ «የወዳጅነት ወንበር» ይባላል። ሕመሙንም በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ እኛ «ሐሳብ ያብሰለስለዋል» እንደምንለው ማለት ነው። ሥራቸው ሦስት ደረጃ አለው፤ አእምሮን መክፈት፣ ማንሣትና ማጽናት። በሽተኛው የልቡን ሁሉ ይናገራል፤ እናቲቱም ሳታቋርጥ ትሰማዋለች። ከዚያ ከችግሮቹ መካከል አንዱን ራሱ ይመርጣል፤ ስለዚያ ስለ አንዱ ሊፈጽመው የሚችለውን ትንሽ እርምጃ አብረው ይፈልጋሉ። ሄዶ ይሞክረዋል፤ ተመልሶም የሆነውን ይነግራታል። እስከ ስድስት ጊዜ ያህል ከተገናኙ በኋላ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ይቀላቀላል፤ በዚያም ማኅበር እጃቸው ቦርሳ እየሠራ አፋቸው ይጫወታል።

ይህ መልካም ምኞት ብቻ እንዳይመስለን፣ በሐራሬ በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት መካከል የድባቴ ምልክት የታየባቸው ከመቶው 50 ያህሉ ሲሆኑ፣ በወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ግን ከመቶው 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወንበሩ ድህነትን አላጠፋም፤ ሰው በመከራው ውስጥ ብቻውን እንዳይሰምጥ ግን ረድቷል።

ለእኛ ሕዝብ ከኀዘንተኛ አጠገብ መቀመጥ የሚማረው አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት ሥራችንን ትተን ለቅሶ እንደርሳለን፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ምንም ቃል ሳንናገር አብረን እንቀመጣለን። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆችም መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው መከራው የኃጢአቱ ደመወዝ መሆኑን ሊያስረዱት በተነሡ ጊዜ ነው። እኛ ሬሳ ለወጣበት ቤት እንደርሳለን፤ ሬሳ ለሌለው ኀዘን ግን ማን ይደርሳል? ለዚያ ድንኳን አይተከልም፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው ሐሜት ብቻ ነው።

ስለዚህ በተለይ እናንተን ካቴኪስቶችን ስለ አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ከመምከር በፊት ስሙ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያናግራችሁ ጥቅስ ለመፈለግ አትቸኩሉ። ያለቅስ ዘንድ ፍቀዱለት፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ቢደግመውም ታገሡት። የነገራችሁንም ለማንም አታውሩ።

ሁለተኛ፣ በአቅሙ ልክ የሆነ እርምጃ አብራችሁ ፈልጉ። አርባ ቀን እንዲጾም አትዘዙት፤ የደከመ ሰው አስቀድሞ ሊበላና ሊተኛ ይገባዋል። «ነገ ጠዋት አብረን ወደ ቅዳሴ እንሂድ» ብላችሁ ደጁ ድረስ ሄዳችሁ ውሰዱት። ቡና ሲፈላ ጥሩት፤ ባይመጣም በሌላ ቀን ደግማችሁ ጥሩት።

ሦስተኛ፣ ጸሎትንና ሕክምናን አታጣሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 በሽተኛው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይም፣ ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥም በአንድነት ያዝዛል፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ጠበል የሚጠጣ ሰው ከሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቆም የሚመክር ሰው ከባድ ኃላፊነት በራሱ ላይ ይጭናል፤ በድንገት በመቋረጡ ሕመሙ ያገረሸበት ብዙ ነው። ምሥጢረ ንስሐ ኃጢአትን ያስተሰርያል፤ ሕመም ግን ኃጢአት አይደለም። ምሥጢረ ቀንዲልም በሽተኛውን በጸጋ ያበረታል እንጂ ሐኪሙን ከደጅ አይመልስም።

አራተኛ፣ የአቅማችሁን ወሰን እወቁ። ብዙ ቀን ያልበላና ያልተኛ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ስለ መሞት የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ሕይወቱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በርኅራኄ፣ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ያላሰበውን ያሳስበዋል ብላችሁ አትፍሩ፤ ይልቁን ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ ቤተሰቡን አስተባብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።

ወንድም ወይም እህት በዚህ መንገድ ያጡ ቤተሰቦችም በመካከላችን አሉ። እነርሱን በፍርድ ቃል አናቁስላቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 እና 2283፣ ሕይወት የእግዚአብሔር መሆኗን በጽኑ ካስተማረ በኋላ፣ ከባድ የአእምሮ መታወክና ጭንቀት የሰውን ተጠያቂነት ሊያቀልል እንደሚችል ይገልጻል። ስለ መዳናቸው ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባን፣ ቤተ ክርስቲያንም ስለ እነርሱ እንደምትጸልይ ያስተምራል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ተስፋ ያልቆረጠችባቸውን እኛ በምን ሥልጣን ተስፋ እንቆርጥባቸዋለን?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም የሕሙማን ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 በእመቤታችን ዘሉርድ መታሰቢያ እንዲከበር ደንግገዋል። በዚያን ቀን በአልጋ ላይ ለተኙት ስንጸልይ፣ ቆመው እየሄዱ በውስጣቸው ለወደቁትም እንጸልይ። ከጸሎቱም ጋር እያንዳንዱ ቁምስና በግቢው ካለው ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ያኑር፤ ከቅዳሴ በኋላም መስማት የሚችሉ፣ ምሥጢር የሚጠብቁ፣ ዕድሜ ያስተማራቸው ሁለት እናቶች በተራ ይቀመጡበት። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን ያን ቀን ለመኖር ምክንያት ያጣ ሊሆን ይችላል።

ኤልያስን በምድረ በዳ ያልተወው አምላክ በጭንቀት ጨለማ ያሉትን ሁሉ ይዳስስ፤ እኛንም እንጀራና ውኃ ይዘን የምንደርስ መልእክተኞቹ ያድርገን። የሕሙማን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ማርያም ትማልድልን። አሜን።