በጠዋቱ ቁጥር ብቻ አትመኪ

ልጄ ሆይ፣ ስኳርሽን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እንደምትለኪ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህንንም የማያደርግ ስንት ሰው አለ። አንቺ ግን የያዝሽውን ነገር በቀላሉ አትለቂም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ በትዕግሥት ስሚኝ። ጠዋት መለካት መልካም ነው። ጠዋት ብቻ መለካት ግን አይበቃም።

ጠዋት የምታዪው፣ ሌሊቱን ሳትበዪ ያደርሽበትን ስኳር ነው። ቀኑ ገና አልተጀመረም። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ቡና አለ፣ እራት አለ። በበላሽ ቁጥር ስኳርሽ ይወጣል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠዋት ወንዝ ተሻግሮ «ውሃው ጎዶሎ ነው» ያለ መንገደኛ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ጎርፍ አላየም። ጠዋት 120 ያነበበ ሰው ከምሳ በኋላ 250 ሊደርስ ይችላል። ካልለካም አያውቀውም፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውምና። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ አለመሰማቱ ነው።

ለምን እንደሚወጣ ላስረዳሽ። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሩዙ፣ ፓስታው፣ ድንቹ፣ ገንፎው፣ ሁሉም ሆድ ውስጥ ሲፈጩ ስኳር ሆነው ወደ ደም ይገባሉ። አፍ ላይ አይጣፍጡ ይሆናል፤ ደም ውስጥ ግን ስኳር ናቸው። ጤነኛ ቆሽት ምግቡ ገና ሲገባ ኢንሱሊን ይለቃል፣ ጉበትም ከጎተራው ስኳር ማውጣቱን ይቀንሳል። በእኛ ላይ፣ የስኳር ሕመም ባለብን ላይ፣ ይህ ሥራ ይዘገያል ወይም ይጎድላል። ስለዚህ ምግቡ ይቀድማል፣ ኢንሱሊኑ ወደ ኋላ ይቀራል። የበላሽው በበዛ መጠን ልዩነቱም ይሰፋል።

«ጤፍ ነው፣ ምንም አያደርግሽም» የሚሉሽ ይኖራሉ። ጤፍ የከበረ እህላችን ነው፤ ብረት አለው፣ ፋይበር አለው። ነገር ግን 100 ግራም የጤፍ እህል ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። እንጀራ ተዪ አልልሽም፣ ልጄ። ልኩን እወቂ ነው የምልሽ።

ልኩ ደግሞ በእኛ ገበታ ላይ በቀላሉ ይጠፋል። በየዐይነቱ ሲቀርብልሽ ልብ ብለሽ እዪው። ከጎን የተጠቀለለ እንጀራ አለ። ከሥር ደግሞ ወጡ ሁሉ የተጨለፈበት የተነጠፈ እንጀራ አለ። ሰው የሚቆጥረው የተጠቀለለውን ነው። ወጡን የጠጣውን፣ ለስላሳውን፣ ጣፋጩን የሥሩን እንጀራ በመጨረሻ እየቆረሰ ሲጨርሰው ግን አይቆጥረውም። እሱም እንጀራ ነው። ስለዚህ ለብቻሽ ሰሃን ያዢ። የምትበዪውን እንጀራ አስቀድመሽ ቁረጪ፣ ሰሃንሽ ላይ አስቀምጪ፣ በዚያ ጨርሺ። ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ሰላጣውን በሹካም ቢሆን አስቀድሚ፤ ሥጋ ወይም እንቁላል ካለ እሱን አስከትዪ፤ እንጀራው ወደ መጨረሻ ይምጣ። ተመሳሳይ ምግብ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ስኳሩ የሚወጣበት ከፍታ ይቀንሳል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅሽም፤ ልማድ ብቻ ነው የሚጠይቅሽ።

የሚጠጣ ስኳር ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፤ ሰባት ያህል የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የማንጎ ጭማቂም ስኳር ባይጨመርበት እንኳ የብዙ ማንጎ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ማንጎውን ቆርጠሽ ጥቂት ብትበዪ ይሻልሻል። ቡናችንንም አትርሺ። አቦል ሁለት ማንኪያ፣ ቶና ሁለት ማንኪያ፣ በረካ ሁለት ማንኪያ፤ ሲደመር ስድስት ነው። ቡናውን ጠጪ፣ ስኳሩን ተዪ። አፍ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

አሁን ወደ መለኪያው ልመልስሽ። የመለኪያው ስትሪፕ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ደጋግመሽ ለኪ አልልሽም። ባለሽ ስትሪፕ በብልሃት ተጠቀሚ። አንድ ምግብ ምረጪ። ከመብላትሽ በፊት ለኪ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረስሽ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ለኪ። ምሳሽን ስድስት ተኩል ላይ ከጀመርሽ፣ ስምንት ተኩል ላይ ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥር ጻፊ፣ አጠገቡ የበላሽውን ጻፊ። በሌላው ሳምንት ቁርስን፣ ከዚያ እራትን እንዲሁ አድርጊ። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ የትኛው ምግብ እንደሚያስቸግርሽ ደብተርሽ ይነግርሻል። የጎረቤትሽን ስኳር የማያስነሳ ምግብ ያንቺን ሊያስነሳ ይችላልና፣ በሰው ወሬ አትመሪ።

ከመለካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በደንብም አድርቂ። ብርቱካን በላጠ ወይም ማር በነካ ጣት የተለካ ስኳር ያለ ልክ ከፍ ብሎ ይታያል። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነንና ይህን አትናቂው።

እርጉዝ ላልሆነ ለብዙው አዋቂ ሰው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 (mg/dL)፣ መብላት ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ከ180 በታች ቢሆን መልካም ነው። ሐኪምሽ ለአንቺ ብሎ የሰጠሽ ቁጥር ካለ ግን እሱን ያዢ።

ኢንሱሊን የምትወጊ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታዪ ደንግጠሽ መርፌ በላይ በላዩ አትወጊ። ቀድሞ የተወጋሽው ገና እየሠራ ነው፤ ኋላ ተደራርቦ ይጥልሻል። ከምግብ በፊት የምትወጊው ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመሽ መወጋት እንዳለብሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። በልተው ከጨረሱ በኋላ የሚወጉ አሉ፤ መድኃኒቱ ሲደርስ ስኳሩ ቀድሞ ወጥቷል። ከምግብ በኋላም ቁጭ አትበዪ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተራመጂ። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ይወስዳል።

መውጣቱን ስትፈሪ ደግሞ መውረዱን አትርሺ። ስኳርሽ ከ70 በታች ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ካላበሽ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ እንደገና ለኪ። ስኳሩ እንዳይወጣ ብለሽ መድኃኒት ወስደሽ ምግብ አትዝለዪ። ጾም ሲመጣም ከሐኪምሽና ከነፍስ አባትሽ ጋር አስቀድመሽ ተማከሪ።

ሰው ቤት ስትሄጂ «በሞቴ» ይሉሻል። ፍቅር ነው፤ አትቆጪ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» በዪ። አንዴ ሁለቴ ካሉሽ በኋላ ይለምዱታል። ሕመምሽን ለመደበቅ ብለሽ ለተቀበልሽው ጉርሻ ዋጋ የምትከፍዪው አንቺው ነሽ።

አንድ ልማድ ግን በጣም ያሳዝነኛል። ቀጠሮ ሲቃረብ ለሳምንት መጠንቀቅ፣ ቀጠሮው ሲያልፍ መልቀቅ። የኤዋንሲ (A1c) የደም ምርመራ የሁለት ሦስት ወሩን የስኳር አማካይ ስለሚያሳይ በአንድ ሳምንት ጥንቃቄ አይሸነገልም። የጠዋቱ ቁጥርሽ ጥሩ ሆኖ ኤዋንሲው ከ7 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ስኳሩ ምናልባት ከምግብ በኋላ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ፈልጊው። ለዓመታት ከፍ እያለ የኖረ ስኳር የዐይንን፣ የኩላሊትን፣ የልብን ደም ሥር ይጎዳል፤ እግርንም ያደነዝዛል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። በጊዜ የያዘው ሰው ብዙውን ጉዳት ማስቀረት ስለሚችል ነው።

አንቺም ትችያለሽ፣ ልጄ። ከዛሬ ምሳ ጀምሪ፤ ከመብላትሽ በፊት ለኪ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ለኪ፣ ጻፊ። የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሲደርስ የጠዋቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይህንን ደብተር ለሐኪምሽ አሳዪ። እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ አንቺም የድርሻሽን ጠብቂ።