ወንፈል ከአፈር በታች

ከደብረ ታቦር ወጣ ስትሉ በእርሻ የተከበቡ ትንንሽ ደኖች ታያላችሁ፤ በየመሐላቸው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ ጎንደር አገር በቀል ዛፎችን ከመጥፋት ያተረፉልን በአብዛኛው እነዚህ አጥቢያዎች ናቸው፤ ውለታቸውን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው።

እኔ ግን የማነሣላችሁ ከሥሩ ያለውን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት፣ እንደ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያሉ የደጋ ዛፎቻችን ከፈንገስ ጋር ተጣምረው እንደሚኖሩ አሳይቷል። ይህ ፈንገስ እንደ እንጉዳይ ከመሬት ብቅ አይልም፤ በዓይን የማይታይ ቀጭን ክር ነው። ክሩ የዛፉ ሥር ውስጥ ይገባል፤ ሥሩ ከማይደርስበት አፈርም ፎስፎረስ ያመጣል። ዛፉ በምላሹ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍላል። ሒሳብም ያውቃሉ፦ በቤተ ሙከራ እንደታየው ተክሉ ብዙ ፎስፎረስ ላመጣለት ፈንገስ ብዙ ስኳር ይልካል።

የእኛ ገበሬ ይህን ወንፈል ይለዋል። ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በአንተ ማሳ። ወንፈልን አልነቅፍም፤ ስንቱን አዝመራ ያነሣ ልማድ ነው። ነገር ግን በሬም ጉልበትም የሌላት መበለት ወንፈል መግባት አትችልም። የእኛ የወጣቶች ኅብረትስ ከዚህ ይሻላል? የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መጨረሻን አንብባችሁ ተነጋገሩበት።

የኦርኪድ አበባ ዘር አቧራ ያክላል፤ ስንቅ የለውም። ፈንገስ ካልመገበው አያድግም። አንዳንዱ ዝርያ ቅጠል ሲያወጣ ብድሩን ይመልሳል፤ አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሲበላ ይኖራል። «ይኸው ፍቅር!» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ኦርኪዱ ውስጡ የገባውን ክር ፈጭቶ ነው የሚበላው፤ ፈንገሱ ወዶ ሰጠ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱን ከጫካ አንጠብቅ።

ሥራ አጥቶ ቤት የዋለ አንድ ወንድም ነበረን። ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁት። ከዚያ «እሱስ መቼ ጠይቆኝ ያውቃል?» ብዬ ተውኩት። በወንፈል ሕግ ማንም አይወቅሰኝም፤ ዕዳ አልነበረብኝም። እኔ ራሴ ወደ ጌታ ስመጣ ምን ይዤ እንደመጣሁ ያሰብኩት ከወራት በኋላ ነው። እናንተስ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?

ደጁን ሳንኳኳ የምለውን አላውቅም ነበር። እሱ ግን ስለ ቀረሁባቸው ወራት አንድም ቃል አላነሣም፤ «ግባ፣ ተቀመጥ» ብሎ የነበረችውን አንዲት ወንበር ለቀቀልኝ።