ቦዩን የሚከፍትልን ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ውኃ ሕይወት ነው ብሎ የሮቢን ወንዝ በሙሉ ማሳው ላይ አይለቅም። ቢለቅማ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፣ ማሾውም ይጠወልጋል። ስለዚህ ቦይ ቀዶ በተራው ያስገባል፣ ሲበቃው ይዘጋል። ተራውን የሚያስከብርም የውኃ አባት አለ።

ለማሳ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለልቡናችንስ? ጠዋት ዓይናችንን ስንገልጥ ስልካችንን እንከፍታለን። ፌስቡኩ፣ ቴሌግራሙ፣ ቲክቶኩ ለቅሶውን፣ ቀልዱን፣ ስድቡን፣ ስብከቱን ሁሉ አንድ ላይ ያፈስብናል። ማታ “ዛሬ ምን ሰማህ?” ብንባል ግን መልስ ያጥረናል። ጾም የአፍ ብቻ አይደለም፣ ዓይንና ጆሮም ይጾማሉ እየተባልን አድገናል። ታዲያ ሥጋና ወተት ትተን ወሬ ስናግበሰብስ 55 ቀን ብንቆይ ጾምን ማለት ይቻላል?

“እንግዲያው ስልኩን ጥለን እንገላገል” የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ለይፋት ሰው ዜና ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም፤ “ልጆቼን ይዤ ልውጣ ወይስ ልቆይ?” የሚል የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ዝምታው ዕረፍት አልሆነም። ልጇ ሩቅ ያለባት እናት ጭንቀቷ ባሰ እንጂ አልቀለላትም። ቦዩ ጨርሶ ሲደፈንም ማሳው ይደርቃልና። ደግሞስ የጎረቤቱን ችግር ላለመስማት ጆሮውን የደፈነ ሰው ጾመ ይባላል? በፍጹም!

እንግዲህ ጥያቄው “እንስማ ወይስ አንስማ?” ሳይሆን “ቦዩን የሚከፍትልን ማን ነው?” የሚለው ነው። የምናየውን ራሳችን የመረጥን ይመስለናል። ነገር ግን ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ የሚያቀርቡልንን በቀመር ይመርጣሉ። ገቢያቸው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ስለሆነ ቀመሩ ብዙ የሚያቆየንን ያስቀድማል፤ የሚያስቆጣና የሚያስፈራ ነገር ደግሞ ያቆያል። የውኃ አባት አለን ማለት ነው፤ ግን ውኃ ሻጭ የሆነ የውኃ አባት! ማሳው ቢጠግብ እሱን ምን ይጠቅመዋል?

አባቶቻችን ሌላ መንገድ ትተውልናል። መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው። ግጻዌ ግን ለዕለቱ ቅዳሴ ከጳውሎስና ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከመዝሙረ ዳዊትና ከወንጌል ጥቂት ጥቂት መርጦ ያቀርብልናል። በዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ ምኩራብ ነው፤ ጌታችን ሻጮቹን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ ይነበባል። ሌላው የቀረው ስለማይጠቅም አይደለም፤ የራሱ ቀን ስላለው ነው። ምንባቡም ማለቂያ አለው፤ ሲያልቅ ሰምተን ወደ ሥራችን እንሄዳለን።

በእርሻ ሥራም ምሳሌ አለ። በ2006 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር፣ ገበሬው ደውሎ ስለሚዘራው ሰብል ብቻ ምክር እንዲሰማ የተዘጋጀ ነበር። የሚፈልገውን ሰምቶ ስልኩን ይዘጋል፤ ከዚያ ወደ እርሻው!

ወገኖቼ! እስቲ በዚህ ጾም የምንከተላቸውን ገጾችና ቻናሎች አንድ በአንድ እንመርምር። ወሬውን ከየት እንዳገኘ ይናገራል? ሲሳሳት ያርማል? ከእኛ ቁጣ ይጠቀማል? ሰምተን ስንጨርስ ለወገናችን የምናደርገውን ያሳየናል ወይስ ሌላ ወሬ ብቻ ያስርበናል? ይህን ፈተና ያለፉትን ጥቂቶች እናስቀር፣ ሌላውን እንዝጋ። ሰዓትም እንወስንለት፤ ከጸሎት በፊት ግን አይሁን። ለመረጥነውም ቢሆን ዓይናችንን ጨፍነን አንገዛ። የውኃ አባቱ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ማሳው መጥገቡን የሚያውቀው ዶማ ይዞ ዳር ላይ የቆመው ባለማሳው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።