ዒላማውን የሳተው ጥይት የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ ተኩስ ወሬ ሲነሳ በከተማ ሙስሊሞች መካከል ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ውርወራን ማበረታታቸውን ይጠቅስና ሽጉጥ ወገብ ላይ መታጠቅን ራሱን እንደ ሱና ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይህ የጦር ሜዳ ጉዳይ ነው፣ ለነጋዴና ለቢሮ ሠራተኛ ምኑም አይደለም ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ከሁለቱም ጠበብ ያለ ነው። አንድ ሙስሊም በሕጋዊ ፈቃድ፣ ቤቱንና ሱቁን ለመጠበቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ቢይዝ፣ አነጣጥሮ መምታትን መማር የውዴታው ጉዳይ ነው ወይስ ግዴታው? ሳይማር ቢቀርና በጭንቅ ሰዓት የተኮሳት ጥይት ዘራፊውን ስታ የጎረቤት ልጅ ብታገኝ፣ ያቺ ጥይት የማን ናት?

በቅድሚያ ማስረጃውን እንመልከት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንፋል አንቀጽ 60 ምእመናን የሚችሉትን ያህል ኃይል እንዲያዘጋጁ አዟል። ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ሆነው ይህን አንቀጽ ካነበቡ በኋላ ኃይል የተባለው ውርወራ መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተናግረዋል። ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ ደግሞ የአስለም ጎሳ ሰዎች በቀስት ሲወዳደሩ አግኝተዋቸው አበረታተዋቸዋል፤ አባታቸው ኢስማዒል (ዐ.ሰ) ቀስተኛ እንደነበሩም አስታውሰዋቸዋል። ውርወራን ተምሮ በኋላ የተወውን ሰውም በብርቱ ቃል ወቅሰዋል።

እዚህ ላይ ሐዲሦቹ ያወደሱት ምን እንደሆነ ልብ ልንል ይገባል። ያወደሱት መሣሪያ መያዝን ሳይሆን መቻልን ነው። የተወቀሰው ቀስቱን የሸጠ ሰው አይደለም፤ ልምዱን የጣለ ሰው ነው። ደግሞም ቀስት በባሕርዩ ያልሠለጠነን ሰው አይታዘዝም። ክንዱ ያልጠነከረ አይገትረውም፤ ያልተለማመደ አይመታበትም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ኃይሉና ሙያው አብረው ነበር የሚመጡት። ሽጉጥ ይህን አንድነት በጠሰው። ገንዘብ ያለው ሰው ኃይሉን በአንድ ቀን ይገዛዋል፤ ሙያው ግን አይሸጥም። የዘመናችን ፈተና የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ብዙ ሰው ሽጉጥ ትንሽ ስለሆነች ቀላል ትመስለዋለች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአገራችን በስፋት የምትታወቀውን ማካሮቭን እንውሰድ። የሶቪየት ጦር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 የተቀበላት ይህች ሽጉጥ ጥይት ሳይጨመርባት 730 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከኋላ ማነጣጠሪያዋ እስከ ፊት ማነጣጠሪያዋ ያለው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በክላሽ ላይ ይኸው ርቀት 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ተኳሹ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ከኋለኛው ጋር ሲያስተካክል በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ የክላሹ ጥይት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትስታለች፤ የሽጉጧ ግን ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች። በ25 ሜትር ላይ ይህች አንድ ሚሊ ሜትር 19 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ሰደፍ ስለሌላትም ትከሻ አይደግፋትም፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ በቀጥታ ወደ አፈሙዟ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የቃታው ነገር አለ። ቃታውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከሽጉጧ ከራሷ ክብደት ይበልጣል። ስለዚህ ጣቱን በድንገት የሚያጨማድድ ሰው ጥይቷ ሳትወጣ አፈሙዙን ከዒላማው ያዛውረዋል። አሠልጣኞች የሚደክሙትም ለዚህ ነው። ሁለት እጅ አጥብቆ መያዝን ያስተምራሉ። ዓይን ዒላማውን፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን ማነጣጠሪያ በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት ስለማይችል፣ የፊተኛው ጥርት ብሎ እንዲታይና ዒላማው ደብዘዝ እንዲል ያሳስባሉ። ቃታውን ደግሞ ሳይቸኩሉ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብን ያለማምዳሉ።

ከሁሉም የከበደው ግን ፍርሃት ነው። ያልሠለጠነ ሰው ድምፁንና የመሣሪያውን ርግጫ አስቀድሞ ስለሚጠብቅ፣ ጥይቷ ከመውጣቷ በፊት እጁ ይደነግጣል፤ አፈሙዙም ወደ ታች ይወርዳል። አሠልጣኞች ይህን የሚያጋልጡበት ዘዴ አላቸው። ተማሪው ሳያውቅ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል የማይፈነዳ የልምምድ ጥይት ይጨምሩበታል። ተራው ሲደርስ ድምፅ አይኖርም፤ ርግጫም አይኖርም፤ እጁ ግን ሲደነግጥ ይታያል። ሰውዬው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ሲያሳብብ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ምን ይላል?

እኔ በዚህ ዘዴ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አያለሁ። የተኩስ ትክክለኛነት በአብዛኛው የመሣሪያ ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። ችኮላ፣ ፍርሃትና ትዕቢት ሦስቱም ዒላማውን ያስታሉ። መረጋጋትና ትዕግሥት ደግሞ ያስመታሉ። በጸጥታ ሜዳ፣ በወረቀት ዒላማ ፊት ነፍሱን መግታት ያቃተው ሰው፣ በሌሊት በሩ ሲሰበር ይገታታል ብሎ ማመን ራስን ማታለል ነው።

ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሰው ኒያዬ ንጹሕ ነው፤ ሌላ ሰው ልመታ አልፈለግሁም፤ ታዲያ ምን ኃጢአት አለብኝ ይላል። ኒያ በዲናችን ትልቅ ቦታ እንዳላት አያጠራጥርም። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 ላይ ምእመንን በስህተት ስለገደለ ሰው ሲደነግግ፣ ስህተት ነው ብሎ በነፃ አላሰናበተውም። ባሪያ ነፃ እንዲያወጣ፣ ቤተሰቡ ይቅር ካላሉ በቀር የደም ካሳ እንዲሰጣቸው፣ ነፃ የሚያወጣው ያላገኘም ሁለት ተከታታይ ወራት እንዲጾም አዟል። ልብ በሉ! ሆን ብሎ ያልገደለ ሰው ነው ስልሳ ቀን ያህል የሚጾመው። ሸሪዓ የኒያን ንጽሕና ይቀበላል፤ የጠፋችውን ነፍስ ግን ባለቤት የሌላት አያደርጋትም።

ከዚህም አልፎ ሌላ ሐዲሥ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። አቡ ዳውድና ሌሎች እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕክምና ዐዋቂነቱ ሳይታወቅ ሰውን ያከመ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ተናግረዋል። ያ ሰው ሊያድን እንጂ ሊጎዳ አልፈለገም። ጥፋቱ ከመጥፎ ኒያ ሳይሆን፣ ነፍስ በምትጠፋበት ሥራ ላይ ሳያውቅ እጁን ከማስገባቱ የመጣ ነው። ታዲያ ሊያድን የመጣው ሳያውቅ በመግባቱ ከተጠየቀ፣ በሰከንድ 300 ሜትር ያህል የምትበር ጥይት ሳይማር የሚተኩሰው እንዴት አይጠየቅ? ይህ የእኔ ንጽጽር ነው፤ ብይኑ የዑለማዎች ነው። ሆኖም ሕሊናዬ የሚነግረኝ መልስ ግልጽ ነው። ሽጉጡን ለመያዝ የመረጠ ሰው መማርን አብሮ መርጧል። ሳይማር ከያዘ ዒላማውን የሳተችው ጥይት የራሱ ናት። በቆርቆሮና በጭቃ ግድግዳ ተጠጋግተን በምንኖርበት ሰፈር ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

አንዳንዱ ነገሩን በቀደር ያመካኛል። ጥይቷን ያደረሳት አላህ ነው ይላል። ለዚህም በበድር ጉዳይ የወረደውን የአንፋልን አንቀጽ 17 ይጠቅሳል። ነገር ግን ያ አንቀጽ ለመታው ሰው ትሕትናን ያስተምራል እንጂ ለሳተው ሰው ማምለጫ አይሆንም። ውርወራው የተፈጸመው በወርዋሪው እጅ መሆኑንም አንቀጹ ራሱ አልካደም። ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ማለት የማያዋጣ ከሆነ፣ እጁን ሳያሠለጥን ተወከልኩ ማለትም አያዋጣም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ተኩስ የቻለ ሰው መተኮስ ያምረዋል፤ ስለዚህ ሰውን ባታስተምሩት ይሻላል የሚሉ አሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ችሎታ ራሱን ማሳየት ይወዳል። በሠርግና በደስታ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውን ሰው ያየ ይህን ያውቃል፤ ወደ ላይ የወጣች ጥይት ደግሞ ተመልሳ መውረዷ አይቀርም። ነገር ግን መድኃኒቱ አለማወቅ ሳይሆን አደብ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውርወራን ያስተማሩት ከነልጓሙ ነው። በመስጊድና በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ሙስሊምን እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልን ከልክለዋል። ወደ ወንድም መሣሪያ ማዞርን በጽኑ አስጠንቅቀዋል፤ ሸይጧን እጁን ሊያስተው ይችላልና። በዛሬው ተኩስ ሜዳ አፈሙዝህን ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር፣ ዒላማህን ሳትወስን ጣትህን ቃታ ላይ አታድርግ እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት የዚሁ አደብ ዘመድ ነው።

ችሎታው ደም የማያፈስበት ሜዳም አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የ51 ዓመቱ ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች፣ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በአየር ግፊት ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ዓለም በአድናቆት ተመልክቶታል። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተረጋግቶ ነበር የሚተኩሰው። የዚያ ውድድር ዒላማ መሐል ነጥብ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት ብቻ ያለው ነው። የአስለም ሰዎች ውድድር የዛሬ መልኩ ይህ ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ኢማም ሙስሊም የዘገቡት አንድ ክስተት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በሕይወት ያለች ወፍ አቁመው በቀስት የሚያልሙ የቁረይሽ ወጣቶች ያጋጥሟቸዋል። ወጣቶቹ ከወፏ ባለቤት ጋር ውል ነበራቸው፤ የሳተው ቀስት ሁሉ ለእሱ ነው። እንግዲህ እነዚያ ልጆች እንኳ የሳተ ቀስት ባለቤትና ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። ኢብን ዑመርን ሲያዩ ግን ተበታተኑ። እሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርገማቸውን ነገሯቸው። ወጣቶቹ የተጨነቁት ስለሳተው ቀስት ነበር፤ ኢብን ዑመር የተቆጡት ግን በዒላማው ምርጫ ነው።

ትክክለኛነት ሁለት ጥያቄ አላት ማለት ነው። የመጀመሪያው፣ ያለምኩትን መታሁ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ማለም የሚገባኝን ነው ወይ ያለምኩት የሚለው ነው። በጨለማ በሩን የከፈተው ዘራፊ ነው ወይስ አምሽቶ የገባ ልጅ? በጩኸት፣ በመብራት ወይም በር በመቆለፍ የሚመለስ ሰው ነው ወይስ ሌላ መንገድ የለም? ፉቀሃዎች አጥቂን መከላከል ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ እንዲሄድ ያስተማሩት ለዚህ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም ራስን መከላከልን ሲፈቅድ ከመጠን እንዳያልፍ ወሰን አበጅቶለታል። ጥሩ ተኳሽ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳል። ተቅዋ ያለው ተኳሽ ሁለተኛውን ያስቀድማል።

ስለዚህ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። መሣሪያ ያለው ወንድም በቅድሚያ በ2012 ዓ.ም በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ መሠረት ፈቃዱን ያረጋግጥ። ቀጥሎ በተፈቀደ ስፍራና በሚያውቅ ሰው እጅ ይማር፤ ተምሮም አይተወው። ይህ የማይቻለው ወይም የማይመቸው ከሆነ ሽጉጡን በሕጋዊ መንገድ ይመልስ እንጂ ለወንድነት ምልክት ብሎ ማህደር ውስጥ አያኑረው። መሣሪያ የሌለው ደግሞ የጎደለበት ነገር እንዳለ አይሰማው። ቤቱን የሚጠብቁለት ጠንካራ በርና የሚዋደድ ጉርብትና የሳተ ጥይት የላቸውም።

አላህ እጃችንን ከንጹሕ ሰው ደም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።