ካርታ ገላጭና እውነት

የሰው ልጅ ያለፈውን ቀን በትዝታ፣ ያለበትንም ቀን በሥራ ይይዘዋል፤ የሚመጣውን ቀን ግን የሚይዝበት እጅ የለውም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ነገን የሚገልጥለትን ሰው ሲፈልግ ኖሯል። በአገራችን ሞራ የሚገልጥ፣ ጠጠር የሚጥል፣ የስኒ አተላ የሚያይ እንዳለ ሁሉ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞችም ታሮት የተባለውን ካርታ ዘርግቶ የሰውን ዕድል የሚናገር አለ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን ካርታው ነገን ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለውን ብቻ አይደለም። ካርታው እንደማያውቅ ልቡ የተረዳው ገላጭ፣ ያዘነውን ሰው ለማጽናናት ሲል እንደሚያውቅ አድርጎ ቢናገር በደል ነውን ወይስ በጎ አድራጎት? ጥያቄያችን ይህ ነው።

አስቀድሞ የካርታውን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሮት የተወለደው በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሚላኖና በፌራራ መሳፍንት ቤት ሲሆን፣ የተሠራውም ለጨዋታ ነበር። የካርታዎቹ ቍጥር 78 ነው፤ 56ቱ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም በተባሉ አራት ወገኖች ይከፈላሉ፤ የቀሩት 22ቱም እንደ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ግንብ፣ ሞትና ቂል ያሉ ሥዕሎች አሉባቸው።

ካርታው እንዲህ ለብዙ ዘመን መጫወቻ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ በ1781 ዓ.ም. ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የጥንት ግብፃውያን ካህናት ጥበባቸውን የሰወሩበት መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሻምፖሊዮን ምሥጢሩን የፈታው በ1822 ዓ.ም. ነው። ጽሕፈቱ በተፈታም ጊዜ ስለ ታሮት የሚናገር ቃል አልተገኘበትም። ዳሩ ግን ወሬው ቀድሞ ተሠራጭቶ ነበር። የስሙን ፊደል ገልብጦ ኤቴያ የተባለ አንድ ፓሪሳዊም በዚያው ዘመን ካርታ መግለጥን መተዳደሪያ ሙያ አደረገው። ዛሬ በብዙ እጅ የሚገኘው ካርታ በ1909 ዓ.ም. በለንደን የታተመው ነው፤ አሳቡን ያወጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሲሆን፣ ሥዕሉን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ማይክል ዳሜትም በ1980 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ታሮት በመሠረቱ ጨዋታ እንደ ነበረ በሰፊው አስረድቷል።

እንግዲህ መሠረቱ ይህ ከሆነ፣ ካርታ የተገለጠለት ሰው «ልክ የኔን ነገር ነገረኝ» እያለ ተደንቆ የሚወጣው ስለ ምንድን ነው? በ1948 ዓ.ም. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ተማሪዎቹን ፈትኖ፣ ለእያንዳንዳቸው «የጠባይህ መግለጫ ነው» ብሎ ወረቀት ሰጣቸውና ትክክለኛነቱን ከ0 እስከ 5 ባለው ነጥብ እንዲመዝኑ ጠየቃቸው። በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ኋላ ሲታይ ግን ለሁሉም የታደለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር። ለሁሉ የሚስማማ ቃል ለእያንዳንዱ ሰው ስለ እርሱ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል።

ይህን ስንል ካርታ ገላጭ ሙያ የለውም ማለታችን አይደለም። ጠያቂው ካርታውን ይበውዛል፤ ሦስት ካርታ ሲወጣ የመጀመሪያው ያለፈውን፣ ሁለተኛው ያለውን፣ ሦስተኛው የሚመጣውን ያመለክታል ይባላል። ሥዕሉ ተገልብጦ ከወጣ ትርጓሜው ይለወጣል። ሞት የተባለው 13ኛው ካርታ ሲወጣ፣ የሠለጠነ ገላጭ ጠያቂውን አያስደነግጥም፤ የአሮጌ ነገር ፍጻሜ ነው ብሎ ይተረጕምለታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ ከካርታው ይልቅ በሰውየው ላይ ነው። በየትኛው ሥዕል ትንፋሹ እንደ ተቈረጠ፣ በየትኛው ቃል ዓይኑ ዕንባ እንዳቀረረ ይመለከታል። በእውነቱ የሚነበበው ሰውየው ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አሁን አንዲት ሴት በዓይነ ልቡናህ ተመልከት። ባሏ ጽኑ ሕመም ታሞ ሐኪሞች ተስፋ ቈርጠዋል። ካርታ ገላጭ ዘንድ ሄደች፤ ፀሐይ ወጣላት። ገላጩም ስላዘነላት «ይድናል» አላት። በዚያች ሌሊት በእርግጥ እንቅልፍ አገኘች። በማግሥቱ ግን ባሏ ሊነግራት የጀመረውን ቃል «ስትድን ትነግረኛለህ» ብላ አቋረጠችው። ይቅርታ የሚባባሉበት፣ ስለ ልጆቻቸው የሚመካከሩበት፣ የሚሰናበቱበትም ጊዜ እንዲሁ አለፈ። ገላጩ የሰጣት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው፤ የወሰደባት ግን ተመልሶ የማይገኝ ሳምንት ነው።

«ሐኪምስ ቢሆን ለበሽተኛ ተስፋ ይሰጥ የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ተስፋ «ምናልባት» ይላል፤ ሰውየውም ነቅቶ እንዲሠራና እንዲዘጋጅ ይተወዋል። በሐሰት «በእርግጥ» የሚል ግን የሰውን ፈቃድና አሳብ አስሮ ያስቀምጣል። በደሉም በወረቀቱ ላይ አይደለም። ሥዕሉን ዘርግቶ «ይህን ስታይ ምን ታስቢያለሽ? የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን ለእርሷ የሚተው ገላጭ ማንንም አላታለለም።

ደግሞም ወደ ገላጭ የሄደችውን ሴት መሳቂያ ልናደርጋት አይገባም። ያን ሰዓት ያህል በትዕግሥት ያዳመጣት ሌላ ሰው አልነበራት ይሆናል። ዘመድና ጎረቤት ጆሮውን ሲነፍጋት፣ ጆሮን በገንዘብ ገዛች። ከዚህ በደል እኛም ድርሻ አለን።

አባቶቻችን «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» ብለዋል። ለራሱ ያላወቀውን ለሌላ እንደሚያውቅ አድርጎ መናገር፣ ምንም እንኳ ከርኅራኄ ቢነሣ፣ ያዘነውን ሰው መበደል ነው። ነገን ለወዳጃችን ልንነግረው አንችልም፤ ዛሬ ግን አጠገቡ ተቀምጠን ልናዳምጠው እንችላለን፤ ይህንንም ለማድረግ ካርታ መዘርጋት አያስፈልግም።